ወደ ውስጥ የሚባለው አዎ

ሰው ሁሉ ከአገሩ የወጣበትን ሌሊት ያወራል። እኔ ድሬዳዋን የለቀቅኩት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ጋደም ባለበት ሰዓት። ምክሩ የእናቴ ነበር። «በሌሊት ሻንጣ የሚጎትት ይጠረጠራል፤ በቀን የሚጎትት ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ነው» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ናት፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከወተቷ ጋር ነው ያጠባችኝ። ልጄ ሜሮን ተኝታ ነበር። እንዳትነቃ ብዬ ሳልስማት ወጣሁ። ባጃጁ የከዚራን ሰፈር እስኪያልፍ ድረስ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ለምን እንደወጣሁ እዚህ አልጽፍም። ጠበቃዬም ብትሆን ደጋግማ ለምና ነው ያገኘችው። ይህን ብቻ ልንገራችሁ፤ ከሄድኩ በኋላ ሁለት ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው እናቴን «የት ናት?» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ እናቴ፣ ልጅ ወሬ አይቋጥርም ብላ፣ ሜሮንን በስልክ እንኳን አላገናኘችኝም።

አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ስደርስ ከሐበሻ ቤት ላለመከራየት ወሰንኩ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ደግ ስለሆኑ ነው። ደግ ሰው ይጠይቃል። የማን ልጅ ነሽ፣ በየት በኩል መጣሽ፣ የጥገኝነት ኬዝሽ ምን ደረሰ ይላል፤ መልሱም ዞሮ ዞሮ ድሬ ይገባል። ስለዚህ አርሊን የምትባል ጡረታ የወጣች ፈረንጅ አስተማሪ ቤት አንድ ክፍል ያዝኩ። የድሬ ልጅ አንቱ ማለት አይሆንለትም፤ እንግሊዝኛም አንቱ ስለሌለው በዚህ በኩል ከአሮጊቷ ጋር ተግባባን።

«የምግብሽ ሽታ ይበረታል?» አለችኝ የመጀመሪያ ቀን።

«በሩን እዘጋለሁ።»

«ብዙ እንግዳ ይመጣብሻል?»

«እዚህ አገር ማንም አያውቀኝም።»

«ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?» አለች። ምን ልትሰልል እንደፈለገች ስላልገባኝ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ስለ በርበሬዬ የተጨነቀችው ይህችው ሴትዮ የገና በዓል ሲደርስ ሉተፊስክ የሚሉትን፣ በአመድ ውኃ ተዘፍዝፎ የተዝለገለገ ዓሣ ቀቀለች። በዚያ ሁሉ በረዶ መስኮት የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ጠበቃዬ ለጥገኝነቱ ኢንተርቪው ፕራክቲስ ታስደርገኝ ነበር። አስተርጓሚ እንያዝ ስትለኝ እምቢ አልኩ፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የአንድ ሰው ዘመድ ነው። በገዛ እንግሊዝኛዬ እመልሳለሁ አልኳት። «ታስረሽ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኛ አዎ ስንል እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ። እሷ ጽሑፏን አቆመች።

«አስደነገጥኩሽ?»

«ኧረ! አዎ ማለቴ ነው።»

«ኦፊሰሩ ግን ያልጠበቀችው ጥያቄ መጣባት ነው የሚለው። ውሸታም ትመስይዋለሽ። ድምፅ አውጥተሽ የስ በዪ።»

ካላመኑኝ ሜሮን አትመጣም፤ ነገሩ ይኸው ነው። እናላችሁ ፍሪድሊ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ካለው፣ የሕክምና ቱቦ ከማሽግበት ፋብሪካ ስመለስ ክፍሌን ዘግቼ «የስ፣ የስ» ስል አመሻለሁ። ከሥራ የደከመ አፍ ግን ትእዛዝ አይሰማም፤ ሁልጊዜ ትንፋሼ ይቀድመኛል።

አርሊን ደግሞ ሌላ ዘመን ውስጥ ትኖር ነበር። ወንዙ አጠገብ አንድ የድሮ የወፍጮ ሠራተኛ የእንጨት ቤት አለ። እሷና ጓደኞቿ በየወሩ አንድ ቅዳሜ እዚያ የጥንት ልብስ ለብሰው፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የስዊድን ስደተኛ የሞላባትን ሚኒያፖሊስ፣ የአንድ ዓመት ኑሮዋን ወር በወር ለጎብኚ ይጫወታሉ። በጃንዋሪ የሐይቁን በረዶ በመጋዝ ይቆርጣሉ። ብርዱ ሲሰበር ግንድ በወንዙ ይወርዳል። በሰመር ሴቶቹ የዱቄት ጆንያ ይሰፋሉ። መኸር ላይ ስንዴው በባቡር ይገባል፤ ወፍጮው ቀን ከሌት ይጮኻል፤ ብናኙ የተሰጣ ልብስ ላይ ይተኛል። ስታወራኝ ሳልወድ በግዴ ሰማኋት። የእኔም ከተማ በዚያው ዘመን ከሐዲድ የተወለደች ናት፤ አያቴም የኖረው በባቡር ጋራዡ ፉጨት እየተነሳ ነው።

«ነይና ጆንያ ስፊልን» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔ ስዊድናዊት እመስላለሁ?»

«ማንንም መምሰል የለብሽም። ተቀምጠሽ መስፋት ብቻ ነው።»

ያለ ምክንያት የሚጋብዝ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ፎቶ ሊያነሱኝ ይሆን? ፎቶውስ የት ይደርሳል? ሁለት ሳምንት ካሰብኩ በኋላ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ሄድኩ።

ቤቱ በጎብኚ ተሞልቷል። አንድ ሽማግሌ የወፍጮ አለቃ ሆኖ ባርኔጣ ደፍቷል። አርሊን የገዛ አያቷን፣ አዲስ የመጣችውን ስደተኛ ሆና ፊቱ ቆማለች።

«እዚህ ዘመድ አለሽ?» አላት።

አርሊን ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

«መስፋት ትችያለሽ?»

ደገመችው። ሰዉ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል፤ የእሷ ቤት ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው። በየምሽቱ ስለማመድ ሰምታ ጭንቀቴን የሰው መሳቂያ አደረገችው! መርፌዬን ጆንያው ላይ ሰክቼ ወጣሁ። አርሊን ያንን ረጅም ቀሚስ እየጎተተች መንገድ ላይ ደረሰችብኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ለምን ታፌዢብኛለሽ?»

«እኔ? የምታፌዢብኝስ አንቺ! ቤቴ ከገባሽ ጀምሮ በጠየቅኩሽ ቁጥር እንደ እኔ ትተነፍሻለሽ። እያደር ትተወዋለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ለካ አያቷ በመጣችበት በስዊድን ሰሜን ሰው አዎ የሚለው ልክ እንደኛው ወደ ውስጥ ኖሯል። አላመንኳትም። «እስቲ ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። እኔም አደረግኩት። መንገደኛው እያየን ቆመን ስንተነፍስ ሳቅ መጣብን። የእኔ ሳቅ ግን ወደ ልቅሶ ዞረና ስለ ሜሮን ነገርኳት። አሜሪካ ከገባሁ ለጠበቃ ካልሆነ በቀር የልጄን ስም ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«አያቴም ከወፍጮው ሥራ በመጀመሪያው ቀን ነው የተባረረችው» አለችኝ። «በወፍጮው ጩኸት ውስጥ የተዋጠ አዎ ማን ይሰማል? ጓሮ ወጥታ ዶሮዎች ላይ እየጮኸች ነው የተማረችው።»

እኛ ዶሮ ስላልነበረን እርስ በርሳችን ተጯጯህን። «ስምሽ ጽጌ ነው?» «የስ!» «ሾርባው ጨው ይጎድለዋል?» «የስ!» ዊንተሩን በሙሉ በዚህ ዓይነት ከረምን። እሷን ግን ሙሉ በሙሉ አመንኳት አልላችሁም። ይህን ያህል የምትደክምልኝ ለምንድን ነው እያልኩ ስተኛ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የኢንተርቪው ቀን ኦፊሰሩ ቀኝ እጄን አስነስቶ አስማለኝ። «የምትናገሪው ሁሉ እውነት ነው?»

«የስ!»

ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ። «እመቤት፣ እዚሁ ነኝ እኮ፤ እሰማሻለሁ» አለኝ። ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ እኔ ግን በፈገግታ አልታለልም።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ጠበቃዬ ደወለች። ጥገኝነቱ ተፈቅዶልኛል፤ ልጄንም ማስመጣት እችላለሁ። ደጋግማ እንድትነግረኝ አደረግኋት። አርሊን ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ወደ ድሬ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ተሳካ። ፈቀዱልኝ።»

«ማን ነው የፈቀደው?»

«መንግሥት ነዋ!»

«የትኛው መንግሥት?»

«የዚህ አገር፣ እማዬ። ሜሮንን ልወስዳት ነው።»

«የእውነትሽን ነው?»

«አዎ!» አልኳት።

«ማነው አጠገብሽ የቆመው?»

«ማንም የለም።»

«አቦ፣ ታዲያ ምን ያስጮኽሻል? ልጄ አዎ ስትል እንዲህ አትልም። አንድ ሰው እያስወራሽ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መናገር ካልቻልሽ ዝም በዪኝ። ይገባኛል።»

እንደ ድሮዬ ልመልስላት ብዬ ትንፋሼን በኃይል ወደ ውስጥ ሳብኩ። ስልኩ ግን ለእሷ ያደረሰላት ዝምታውን ነው።

«ገባኝ፣ ልጄ» አለች። «ገባኝ።»

«እማዬ! ቆዪ! እማዬ!»

ከጀርባዋ የሜሮን ድምፅ መጣ፤ አድጋለች፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። «እማማ፣ ማነው?»

«ማንም አይደለም» አለቻት እናቴ። «ተሳስተው ነው።»