የጨርቁ ዳር

ሱግራ ሰው ፊት ቀና ብላ የምታወራ ሴት አልነበረችም። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ስታናግራት እንኳ ዓይኗ የሚያርፈው በሴትየዋ አንገት፣ በትከሻዋ፣ በክንዷ ርዝመት ላይ ነው። በአሮጌው የላሆር ከተማ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጉራንጉር ውስጥ፣ ባሏ ከሞተባት ጀምሮ ሁለት ሴት ልጆቿን አሳድጋ የዳረችው በአንዲት ጥቁር የእግር ስፌት መኪና ነው። መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ ጠመኔዋን በጣሳ ክዳን ላይ፣ ትልቁን መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ በቀኟ አስቀምጣ ትውላለች። ስትሠራ ስፒል በከንፈሯ ስለምትይዝ የሰፈሩ ሴቶች፣ «ሱግራ አፍ ውስጥ የገባ ወሬ ተወግቶ ይሞታል እንጂ አይወጣም» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ቀልዱ እምነትም ነበረበት። ልብስ ሰፊ ብዙ ነገር ቀድማ ታውቃለች። ማን እንዳረገዘች አማቲቱ ሳትሰማ የምታውቀው እሷ ናት። የማን ወገብ በሐሳብ እንደቀጠነ፣ የማን ክንድ ላይ የጣት ምልክት እንዳለ ሜትሯን ስትዘረጋ ታየዋለች። አይታ ዝም ትላለች። በሰፈሩ ያላት ክብር ይህ ዝምታዋ ነበር፤ ሌላ ክብርም አልነበራትም።

የቅርብ ጎረቤቷ ኹርሺድ ናት። የቤታቸው ጣሪያ በአንዲት ዝቅተኛ ግንብ ብቻ ስለሚለያይ፣ በርበሬ ሲያሰጡም ልብስ ሲሰቅሉም እየተጨዋወቱ ነው። ኹርሺድ የሱግራ ተቃራኒ፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ትልቅ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ተንዊር የሚባል አንድ ልጅ ብቻ አላት። እሱም ዱባይ ሄዶ በሕንፃ ሥራ ተቀጠረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለኢድ በዓል ለእናቱ የጃፓን ጨርቅ ይልክላት ነበር። ኹርሺድ ጨርቁን ለሱግራ ከመስጠቷ በፊት በየቤቱ ታዞረዋለች። «ዳስሱት! ዳስሱት እንጂ፣ አይናከስም! ልጄ ነው ከዱባይ የላከልኝ!»

ከዚያ በአንዱ ዓመት ቡናማ አበባ የተረጨበት ጨርቅ ይዛ መጣች። ሱግራ ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ጠመኔዋን ልታሳርፍ ስትል፣ በጨርቁ ዳር በወርቅማ ቀለም የታተመ ጽሑፍ አየች። ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተደጋገመ የተጻፈ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ስም ነው፤ ጉራንጉሩ መውጫ ላይ ያለው ጨርቅ ነጋዴ የሚሸጠው ዓይነት። ሱግራ የምታነበው ፊደል በፊደል እየለቀመች ነው። ይህን ግን ሳትለቅምም ታውቀዋለች። ቀና አለች። ኹርሺድ በመስኮቱ በኩል ምንም የሌለበትን ግድግዳ ትመለከታለች።

ሱግራ መቀሷን አነሳችና ጽሑፍ ያለበትን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆረጠችው።

«የዱባይ ጨርቅ ለመቀስ እንዴት ይመቻል!» አለች።

«አይደል?» አለች ኹርሺድ ሳትዞር። «ምርጫ ያውቃል ልጄ።»

ኹርሺድ እንደወጣች ሱግራ ቁራጩን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ በየኢዱ እንዲሁ ሆነ። ኹርሺድ ታመጣለች፤ ሱግራ ዳሩን ትቆርጣለች፣ ታቃጥለዋለች። ስለ ነገሩ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ሱግራ የምትሰፋው ለሰፈሯ ብቻ አልነበረም። ታሂራ ቤገም የምትባል፣ ለቴሌቪዥን ድራማ የምትጽፍ የተማረች ሴት የተዋናዮቿን ልብስ እሷ ጋ ታሰፋ ነበር። ድራማው «ጓዳ» ይባላል። በየሳምንቱ ይታያል፤ ሰው ግን አልያዘውም። አንድ ባለርስት ሞቶ ልጆቹ በኑዛዜ ይጣላሉ፤ ትልልቅ አዳራሽ፣ ትልልቅ ጢም፣ ብዙ ጩኸት። በሱግራ ሰፈር «ጓዳ» ሲጀምር ሴቶቹ ተነስተው ምስር ለመልቀም ይሄዱ ነበር።

«ሊያቋርጡብኝ ነው» አለቻት ታሂራ ቤገም፣ ሱግራ ልብስ ልታስረክብ በሄደችበት ቀን። ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ በሆነ ሲኒ በገዛ እጇ ሻይ በወተት ቀዳችላት። ሱግራ በዚያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ ጫፉን ብቻ ይዛ ተቀመጠች። «ሰዉ ወንድማማቾቹ ሰለቹት። ለመሆኑ በናንተ ሰፈር ሴቶች የሚያለቅሱት በምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እመቤቴ።»

«ታውቂያለሽ እንጂ! ሁሉ ሰው ቤትሽ ይመጣል። እኔ ከዚህ መስኮት የማየው የራሴን አትክልት ነው።»

ሱግራን እንዲህ ያለ ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም። የምትጠየቀው «መቼ ይደርሳል?» እና «ለምን ጠበበኝ?» ነው። ሻዩ ሄል የገባበት ነበር፤ የሴትየዋም ዓይን ከፊቷ አልተነሳም። ስም ካልጠራሁ ምን አለበት ብላ ጀመረች። ልጇ የረሳት አንዲት እናት አለች፣ ጨርቅ ራሷ ገዝታ ልጄ ላከልኝ ትላለች አለች። እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት።

«ወይ ጉድ! ታዲያ ማንም አላወቀባትም?» አለች ታሂራ ቤገም እስክሪብቶዋን እያነሳች።

ሱግራ ትንሽ አፍራ፣ ጥቂትም ደስ ብሏት፣ የልብስ ሰፊዋን ነገር ነገረቻት። የጨርቁን ዳር ነገረቻት፤ መቀሱንም፤ ሰፊዋ የተናገረችውን ቃል ሳይቀር። ከቤቱ ስትወጣ የሻዩ ጣዕም ገና ምላሷ ላይ ነበር። ሰፈሯ ስትደርስ ግን የኹርሺድን በር ላለማየት በሌላኛው ግድግዳ በኩል ተጠግታ አለፈች።

በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው እማማ ሐጅራ ቤት ነው። ታሪኩ የታየ ዕለት ሴቶቹ እንደ ወትሮው ምንጣፉ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ኹርሺድ ከፊት ሆና የተቆላ ሽምብራ ትቆረጥማለች፤ ሱግራ በሩ ሥር ናት። «ጓዳ» ጀመረ። ጢማሞቹ ቀርተው አንዲት ምስኪን አሮጊት ከጨርቅ መደብር ስትወጣ ታየች። ለምስር የተነሱት ሴቶች ተመልሰው ተቀመጡ።

አሮጊቷ ጨርቁን በየጎረቤቱ ስታዞር እማማ ሐጅራ፣ «አይ እናት! አይ ሞኝ!» አለች።

ኹርሺድ ከሁሉ በላይ ሳቀች። «ይቺስ አበዛችው! ካልቀረ እኔ ብሆን ወርቅ ገዝቼ ነበር ላከልኝ የምለው!»

ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ቤት መጣ። ጨርቁ ተዘረጋ። በዳሩ ላይ የታተመው ጽሑፍ ቀርቦ፣ ገዝፎ ታየ። መቀሱ ተነሳ። «የዱባይ ጨርቅ ለመቀስ እንዴት ይመቻል» አለች ተዋናይዋ፣ በረጋ፣ በሚያምር ድምፅ።

የኹርሺድ መንጋጋ ቆመ። ዞር ብላ ሱግራን አላየቻትም፤ ብታያት ለሱግራ ይሻላት ነበር። የቀረውን ሽምብራ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችና፣ «ወይኔ፣ ድስት ጥጄ ነበር!» ብላ በሴቶቹ ጉልበት መካከል እየተሻገረች ወጣች።

ልብ ያላት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የራሱን ያለቅሳል። ባሏ ኩዌት የሚሠራው ቢልቂስ ክንዷን ወደ ላይ አንስታ፣ «ማን ነገራቸው? ይሄን ሰዓት እሱ አይደለም የላከልኝ! ራሴ ነኝ የገዛሁት፣ ራሴ!» አለች።

«ያንቺስ ሰዓት ነው» አለች እማማ ሐጅራ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እኔ ልጄ ጠራችኝ እያልኩ በየዓመቱ ሙልታን የምሄደው ማን ጠርቶኝ ነው? ሳልጠራ ነው የምሄደው! የኔን ነው ያወጡት።»

ከዚያ ወዲህ «ጓዳ» ሲጀምር በሰፈሩ ሰው አይታይም። ባለ ሱቁ ሳይቀር ቆርቆሮውን ዝቅ አድርጎ ይሄድ ነበር። ሁሉም የኔ ነው ስላለ፣ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሱግራም በዚህ ራሷን ለማጽናናት ሞከረች፤ የሁሉ ሰው ነገር ከሆነ የማንንም ምስጢር አላወጣሁም ለማለት። ግን ልጅ መጠበቁ የሁሉ ቢሆንም መቀሱ የሁሉ አልነበረም። እሱ የሁለት ሰው ነበር።

ክፋቱ፣ ሰፈሩ ከድራማው አዲስ ጨዋታ ተማረ። ከውጭ መጣ የተባለ ልብስ የለበሰች ሴት ካጋጠመች፣ «እስቲ ዳሩን እንየው!» ብሎ ጫፉን መገልበጥ የሁሉ ቀልድ ሆነ። ኹርሺድም ጣሪያ ላይ የምትወጣው ሱግራ ስትወርድ ጠብቃ ሆነ። ሰላምታ አልነፈገቻትም፤ ሰላምታ ብቻ ቀረ።

ታሂራ ቤገም ደግሞ በደስታ አስጠራቻት። «ከየአገሩ ደብዳቤ እየጎረፈልኝ ነው! ያቺ እናት ስትታመምስ? ለልጇ ምን ትላለች? ንገሪኝ።»

«እመቤቴ» አለች ሱግራ፤ ሲኒውን አልነካችውም። «እንዲያው ልጁ ይምጣላት። መጥቶ ይግባና ይለቅ።»

ታሂራ ቤገም ፈገግ አለች። «ከመጣማ ድራማው አለቀ! ሰዉን የያዘው ያልመጣው ልጅ ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ሰው አለው።» ወደ አትክልቱ ዞር አለች። «እኔም አለኝ።»

«ያቺ እናት ግን...»

«የትኛዋ? የኔ ነው ያሉኝ እናቶች ደብዳቤ ጆንያ አይችለውም።»

«ሌላ የማውቀው የለም» አለች ሱግራ፣ የልብስ መጠቅለያ አንሶላዋን አጣጥፋ ወጣች።

የጾሙ ወር ገባ። ሱግራ ቤት ጨርቅ ተቆለለ፤ የኹርሺድ ግን አልነበረበትም። ሌላ ሰፊ ጋ ሄዳ ይሆን እያለች በእግር ድምፅ ሁሉ መኪናዋን ታቆማለች። ይቅርታ ልትለምን ጣሪያ ላይ ትወጣና፣ ደረቅ ልብስ ሰብስባ ትወርዳለች። በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኹርሺድ መጣች።

«አፓ፣ ይደርሳል?» አለች። ድሮም እንደ ታላቅ እህት አፓ ብላ ነው የምትጠራት። «ልጄ ነው የላከው።»

«ይደርሳል።»

ሱግራ ጨርቁን ዘረጋችው። ዳሩ ቀድሞ ተቆርጧል። ስል ባልሆነ የጓዳ መቀስ፣ አንዴ ወጣ አንዴ ገባ እያለ፣ አንዳንዱ ቦታ አበባው ድረስ ዘልቆ። ክሩ ተንጨባሯል። አንድ ቦታ ላይ መቀሱ ስቶ የአንዲት ፊደል ወርቅማ ጭራ ቀርታለች።

«ኹርሺድ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ለምኑ?» ኹርሺድ ዛሬ ግድግዳውን አላየችም፤ ፊት ለፊት አየቻት። «ቢልቂስ የኔ ነው አለች፣ ሐጅራ የኔ ነው አለች። እኔ ምን አለኝ? ባይሆን ለኪኝ፣ ቀጠን ብያለሁ።»

ሱግራ ለካቻት። እውነትም ወገቧ ቀጥኗል። ስለ ዱባይ ጨርቅና ስለ መቀስ ያቺን የድሮ ቃል ልትል አፏ አልታዘዝ አላት።

ያቺን የፊደል ጭራ አልቆረጠቻትም፤ ለመቁረጥ እንዳልተሰጣት ገብቷታል። ከራሷ ጨርቅ ጥሩውን መርጣ ለቀሚሱ በሙሉ ገበር ሰፋችለት። የጎደለውን ከውስጥ ሞላችው፣ ፊደሏን በስፌቱ መካከል ቀበረቻት፣ ጫፉን በእጇ እያጠፈች፣ የመርፌው ነጥብ እንዳይታይ አድርጋ ጨረሰችው።

በበዓሉ ቀን ሴቶቹ እማማ ሐጅራ ቤት ተሰበሰቡ። ኹርሺድ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ ገባች። «ዳስሱት! አይናከስም!» እያለች።

«እስቲ ዳሩን እንየው!» ብላ ቢልቂስ ጫፉን ገለበጠች። ሌሎቹም ጎንበስ አሉ። ሱግራ በሩ ሥር ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ጣለች። ቢልቂስ ገበሩን ዳሰሰች፣ ስፌቱን በጥፍሯ ተከተለች፣ ምንም አላገኘችም። «አይ፣ ይሄስ እውነተኛ የዱባይ ነው! እንዲህ ያለ ገበር!»

«ገበሩ የሰፊዋ ነው» አለች ኹርሺድ በዚያ በትልቅ ድምፅዋ። ሱግራ ቀና አለች። ኹርሺድ እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን አይስቅም። «ጎበዝ ናት። እሷ ጋ የገባ ነገር መቼ ይወጣና!»

ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። «ተወግቶ ይሞታል!» አለች እማማ ሐጅራ፣ እንደ ድሮው።

ሱግራም ከነሱ ጋር ለመሳቅ ሞከረች። አንገቷን ደፍታ ከሻርፗ ላይ የተጣበቀ ክር ለቀመች፤ ሌላም ፈለገች፤ ሌላ አልነበረም።