የአዴ ሙሚና ማሳና የሰላጣ ጣሳዎቹ

ትናንት ከመልካ ጀብዱ ወሬ ደረሰን፤ የገበሬዋ የአዴ ሙሚና የሽንኩርት ችግኝ ሥር ይዟል። ደስታው ቢሮ ውስጥ አላስቀምጥ ሲለኝ አለቃዬ ጓድ ታደሰ «ሂጂና ጻፊው፣ ይውጣልሽ» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት። የአራት ወር ሥራ ደግሞ ምን ትዝታ አለው የምትሉ፣ አንብባችሁ ፍረዱ።

እርሻ ቢሮው አፈር ክፍል ተለማማጅ ሆኜ የገባሁ ዕለት ነጭ ጋዋን ይሰጠኛል ብዬ ነበር። ጓድ ታደሰ የሰጡኝ አካፋ ነው። መስኮቱ ላይ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ተደርድረዋል። «ቤተ ሙከራችን ይኸ ነው» አሉ።

በዚያው ቀን መልካ ጀብዱ ወረድን። አዴ ሙሚና ማሽላቸው ላይ የአረም መድኃኒት አስረጭተው ነበር። ረጪው እንዲጠነክር ብሎ እጥፍ አድርጎ በጠበጠው። ማሽላው ቻለው፤ ተከትሎ የተተከለው ሽንኩርት ግን ገርጥቶ ደረቀ። ያላቸው ማሳ ያው አንዱ ነው።

«አቦ ኢንታሎ፣ መሬቴ ሞቷል ወይስ ታሟል?» አሉኝ። ኢንታሎ ልጂቱ ማለት ነው፤ አዴ ደግሞ እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ።

ጓድ ታደሰ አስረዷቸው። መድኃኒቱን ውኃ ይዞት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ወይም አፈሩ ከላይ ይይዘዋል። ከላይ የቀረውን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል፤ ፍግና እርጥበት ያግዛቸዋል። ታች ከወረደ ግን እዚያ ተሕዋስያኑ ጥቂት ናቸው፤ ማሳው ዓመት ማረፍ አለበት።

እስከ ጉልበቴ ቆፈርኩ። ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች አፈር ወሰድኩ፤ ካልተረጨ ቦታም አንድ ጨመርኩ። በአራቱም ጣሳ ሰላጣ ዘራን። ሰላጣ መድኃኒት አይችልም፤ በቅሎ ይገረጣል። በሁለት ሳምንት የማሳው ሦስቱም ገረጡ። ያልተረጨው ብቻ ለመለመ።

ጓድ ታደሰ «ማሳው ዓመት ይረፍ» ብለው ለገበሬ ማኅበሩ ደብዳቤ አረቀቁ፤ በንጹሕ ልገለብጠው ተቀመጥኩ። «ናሙናው የተወሰደው» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እኔ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች፣ በአንድ አካፋ፣ ሳልጠርግ ነበር የወሰድኩት። የላዩ አፈር ከታችኛው ተቀላቅሏል።

ለጓድ ታደሰ ነገርኳቸው። ደብዳቤውን ከፊቴ አነሡና «ታዲያ መድኃኒቱን ያወረደው ዝናብ አይደለማ፣ አንቺ ነሽ» አሉ። «ተነሺ፣ አካፋሽን ያዢ።»

አዲስ ጉድጓድ ቆፈርን። የጉድጓዱን ግድግዳ ፋቅኩ፣ ከታች ጀመርኩ፣ በየእርከኑ አካፋውን በጨርቅ ጠረግኩ።

«እንደ ሕፃን ታጥቢዋለሽ!» አሉ አዴ ሙሚና። «ባለፈውስ ያላጠብሽው ጉንፋን ይይዘዋል ብለሽ ነው?»

ስህተቴን ነገርኳቸው። ሳቃቸው ተቋረጠ። «ኢንታሎ፣ ዓመት ልታስርቢኝ ነበራ» አሉ። ከዚያ የበቆሎ እሸት ጠብሰው ሰጡኝ፤ እያፈርኩም ቢሆን ሙሉውን በላሁት።

በዚህኛው ዙር የገረጣው የላዩ ጣሳ ብቻ ሆነ፤ መድኃኒቱ ታች አልወረደም ማለት ነው። አዴ ሙሚና ፍግ ከአፈሩ ጋር አገላብጠው ውኃ ሲያጠጡ ሃምሳ ቀን ቆዩ። የላዩን አፈር እንደገና ዘራንበት፤ ሰላጣው ለመለመ። ጓድ ታደሰ «ይተከል» ብለው ፈረሙ።

ናሙና ከታች ወደ ላይ ይወሰዳል። የተሳሳተ ሰው ደብዳቤው ሳይፈረም ይናገራል።

አዴ ሙሚና ሽንኩርቱ ሲደርስ «ጓደኞችሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ፣ እየነቀሉ ይብሉ» ብለው መልእክት ልከውብኛል። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ተጠርታችኋል። ዳቦ ያዙ፤ ሽንኩርቱ ከእሳቸው ነው።