ጭላንጭል

ጭላንጭል የሚለውን ቃል እናቴ የማታስገባበት ቦታ የለም። በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባው ፀሐይ ጭላንጭል ናት። ቻርጁ ሊያልቅ የደረሰው ስልኬም ጭላንጭል ነው። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ የመስኖ ተራ ሲደርሰን ሳይቀር "ተመስገን፣ ጭላንጭል ታየ" ትላለች። ስለ ዓይኗ ሲጠይቋት ደግሞ መልሷ አንድ ነው፦ "አልሐምዱሊላህ፣ ጭላንጭል አለኝ።" እኛ ይፋት ውስጥ ትልቅ ሰው "የለኝም" አይልም፤ አላህን ማማረር ይመስላል።

እኔ ሲፈጥረኝ ስጉ ነኝ። ማሾ ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጣቶቿን እሰልላለሁ። አንድም ጠጠር አታስቀርም። ታያለች ማለት ነው ብዬ ልቤ ሲያርፍ፣ የጠቆረው ፍሬ ሁሉ ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ አየሁና ክው አልኩ። ለካ ጠጠሩን የምታገኘው በጣቷ ነው። ቀለሙንማ ጣት ምን ያውቃል!

የዓይን ሐኪሞች ሸዋ ሮቢት መጡ ሲባል ባጃጅ ተኮናትሬ ይዣት በረርኩ። ወረፋ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ "ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፤ ብርሃን ጨርሶ የማያይ ዓይን ግን አይሆንም ብለው ይመልሱታል" አለችኝ። ምነው ባልሰማኋት! ወዲያው ወደ እናቴ ዞርኩ።

"እማዬ፣ ብርሃን ታያለሽ አይደል?"

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ! ጭላንጭል አለኝ አልኩሽ እኮ!"

መቆጣቷ ትንሽ አረጋጋኝ። ተራችን ደርሶ ገባን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አንድ ዓይኗን በመዳፉ ሸፍኖ በሌላኛው ፊት ለፊት ባትሪ ደቀነ።

"እማማ፣ ብርሃን ይታይዎታል?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ጭላንጭል አለ።"

ባትሪው ገና አልበራም ነበር።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ሁለተኛውንም ዓይን ሞከረ። አበራ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አበራ። እሷ ሁልጊዜም "አለ" ነው የምትለው። ዝም ማለት አቃተኝ።

"እማዬ፣ የጠየቀሽ ጎረቤት አይደለም፣ ሐኪም ነው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪው!" አልኳት፤ እንባዬ ቀደመኝ።

እጄን በዳበሳ ፈልጋ ያዘችው።

"ከረመዳን ወዲህ ጨለማ ነው" አለች። "እንቅልፍ እንዳታጪ ብዬ እኮ ነው የደበቅኩሽ።"