የተረሳው ገመድ

ሌስያ ሁሪክ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። በካናዳዋ ሳስካችዋን በረዶ ላይ የሰዎችን ልጆች ጭና ስትነዳ አንድ ቀን እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አባቷን ከሆስፒታል ወደ አረጋውያን መኖሪያው የወሰደች ዕለት ግን መሪውን ጨምድዳ ይዛ ነው የደረሰችው።

በከንቱ አልነበረም የፈራችው። አባቷ ናዛር ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ሳለ ትኩሳት ይዞት፣ ድሮ የሸጣቸውን ላሞች ላልብ ብሎ ከአልጋው ወርዶ ነበር። ሐኪሙ "የትኩሳቱ ነው፣ ያልፋል" አለ። የመኖሪያው ነርስ ብሪን ግን ገና ከበሩ ቁርጡን ነገረቻት። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ብቻቸውን ከወጡ እዚህ አይቆዩም፤ የሚዛወሩት ሩቅ ከተማ ወዳለ፣ በሩ ሁልጊዜ ወደሚቆለፍ ቤት ነው። ናዛር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የቤቱን በር ቆልፎ የማያውቅ ገበሬ ነው።

"ይሄ አልጋ ለሰው ነው ወይስ ለዶሮ?" አለ ናዛር ክፍሉን ሲያይ።

"ለነጭናጫ ሽማግሌ ነው። ተቀመጥ።"

"መስኮቱስ ለምን አይከፈትም?"

"እባክህ አባዬ፣ ነርሷ ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳትጠይቅ።"

ናዛር የመኪና ማቆሚያውን በመስኮት ሲያይ ዋለ። እሷ ልብሱን ሰቀለች፣ መድኃኒቱን ደረደረች፣ የደረደረችውን መልሳ ደረደረች። ሊጨልም ሲል ፎጣ ልትጠይቅ ወጣ ብላ ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ካፖርቱ የለም፣ ምርኩዙም የለም።

"አባዬ!"

መታጠቢያ ቤቱን ከፈተች። የለም። ወዲያው የኋላው በር ደወል ጮኸና ብሪን በኮሪደሩ ስትሮጥ አየች። ሮጣ ተከተለቻት። ውጭው አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ነው። አለቀልን፣ አለቀልን ትላለች በሆዷ።

ናዛር በቤት ጫማ ሌስያ መኪና ፊት ጎንበስ ብሏል። ከመኪና ማቆሚያው ምሰሶ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ገመድ በእጁ ይዟል።

"አቶ ናዛር፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች ብሪን።

"መኪናዋን እየሰካኋት።"

ብሪን ወደ ሌስያ ዞረች። ያንን አስተያየት ሌስያ ታውቀዋለች፤ የላሞቹን ነገር ሲነግሯትም የሆስፒታሉ ሰዎች እንዲሁ ነበር ያዩዋት።

"አልዘባረቀም!" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "እዚህ አገር በበረዶ ወራት መኪና ይሰካል! ሞተሩ በኤሌክትሪክ ካልሞቀ ድንጋይ ነው የሚሆነው። የረሳሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም!"

ብሪን ከቫንኩቨር ከመጣች ገና ጥቂት ወሯ ነው፤ ከተማዋ ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነች እንዲህ ያለ ብርድ የለባትም። "የኔም መኪና ፊቷ ላይ ገመድ አላት" አለች ቀስ ብላ። "መካኒኩ ረስቶት መስሎኝ ጠቅልዬ ወደ ውስጥ ወተፍኩት።"

"እንግዲያው ነገ በእግርሽ ነዋ!" አላት ናዛር። "አምጫት፣ አሳይሻለሁ።"

ብሪን ሳቋ አመለጣት። ገመዱን ሰክቶ እስኪጨርስ ጠብቃ ደግፋ አስገባችውና "ሁለተኛ ሳይነግሩኝ እንዳይወጡ" ብላ ሄደች። ራት በልቶ ሲያበቃ ሌስያ በሩን ዘጋች።

"ልትገድለኝ ነው? ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ብነግርሽ 'ቆይ በኋላ' ትያለሽ።" ናዛር ዐይኑን ከመስኮቱ አላነሳም። "መኪናዋ እምቢ ካለች እዚሁ ታድሪያለሽ። ዛሬ ካደርሽ፣ ነገም እደሪልኝ ብዬ እለምንሻለሁ። ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ሳልለምንሽ ሂጂ።"

ግንባሩን ሳመችውና ወጣች። ገመዱን ነቅላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ቁልፉን ስታዞር "እምቢ በይ፣ እባክሽ እምቢ በይ" እያለች ነበር። ሞተሩ በአንዴ ተነሣ።