ከመሄዷ በፊት ያጸዳችው ቤት

ሐሙስ አመሻሽ ላይ የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ወደ ጠባቧ መንገድ ሲገባ፣ ፉሳኤ ፎቅ ላይ መስኮት ተደግፋ ትመለከት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወጣ፤ መኪናው ላይ ጣለና ተመለሰ። መኪናው ሊሄድ ሲል ከመንገዱ ጥግ አንድ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ገና ሠላሳ እርምጃ ይቀራቸዋል። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸውና ቆመ። ቆሞም አልቀረ፤ ያን ትልቅ መኪና ቀስ እያለ ወደ ኋላ መለሰውና እግራቸው ሥር አቆመው። ወርዶ ፌስታላቸውን ተቀበላቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሾፌሩ ሳቅ ብሎ ሄደ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ፉሳኤ ግን ከመስኮቱ አልተነሳችም። «ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያደርግልኝ ከረመ። እሑድ ልሄድ ነው። እኔስ ለማን ምን አደረግሁ?» ብላ አሰበች።

ፉሳኤ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ አገሯ በሰሜን ጃፓን፣ በረዶ የማይጠፋባት አኪታ። ሠላሳ አራት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የአራት መቶ ልጆች ምሳ ስትሠራ ኖራለች። ዓርብ ዓርብ ለልጆቹ የታይዋን አናናስ ይሰጣቸው ነበር፤ በቆርቆሮ የታሸገ። ስንት ሺህ ቆርቆሮ እንደከፈተች እሷም አታውቀው። «ጡረታ ስወጣ ይህን ፍሬ በበቀለበት አገር ከነልጣጩ ገዝቼ ነው የምበላው» ስትል ባልደረቦቿ ይስቁባት ነበር። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጇም ቶኪዮ ነው ያለው። ጡረታ በወጣችበት ዓመት በመጋቢት ሻንጣዋን ይዛ በደቡብ ታይዋን ወዳለችው ከተማ፣ ታይናን፣ መጣችና የእትዬ ቢሃን ፎቅ ተከራየች።

እትዬ ቢሃ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ በጃፓኖች ፋብሪካ ስትሠራ የለመደችው ጃፓንኛ ስላልጠፋባት፣ ሁለቱ ሴቶች ያለ አስተርጓሚ ይጨዋወቱ ነበር። ጠዋት አብረው ገበያ ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጠው አናናስ ይልጣሉ። ፉሳኤ እሾሁን እያወጣች ስትልጥ እትዬ ቢሃ «አንቺ ለፍሬው ቀዶ ጥገና ነው የምታደርጊለት» ትላታለች።

በዚያ ሳምንት እትዬ ቢሃ ልጇን ለመጠየቅ ታይፔ ሄዳ ነበር፤ የምትመለሰው ዓርብ ማታ ነው። በፉሳኤ አገር፣ የምትነሣ ወፍ የዋኘችበትን ውኃ አደፍርሳ አትሄድም ይባላል። እንግዳ ቤት ሲለቅ ካገኘው ይበልጥ አጽድቶ ይለቃል። ስለዚህ ዓርብ በማለዳ እጅጌዋን ሰበሰበች። መስኮቱን ወለወለች፤ የወጥ ቤቱን ግድግዳ የዓመታት ቅባት ፈትጋ አነሣች፤ ደረጃውን በጉልበቷ ተንበርክካ አጠበች። መጨረሻ ላይ ሳሎን ገባች።

ሳሎኑ ውስጥ የእትዬ ቢሃ ባል ቅድመ አያቶች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ከነመሠዊያው አለ። ፊት ለፊቱ ቀጫጭን የዕጣን እንጨቶች የሚተከሉበት የናስ ማጠንት ተቀምጧል፤ አመዱ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ጠቁሮ፣ ቅሪቱ እንደ ገለባ ተሰክቶበታል። ፉሳኤ አኪታ በባሏ ፎቶ ፊት ያለውን አመድ በየሳምንቱ በወንፊት ትነፋለች፤ ሲያረጅም ትቀይራለች። ይህን ስታይ አዘነች። «ምስኪን፣ ወገቧ አላስጎነብስ ብሏት ነው» አለች። አመዱን ሙልጭ አድርጋ ገለበጠች፤ ናሱን በሎሚ ፈትጋ ፊቷን እስክታይበት ድረስ አብለጨለጨችው፤ ከሱቅ ነጭ አዲስ አመድ ገዝታ ሞላችው። አሮጌው አመድ ለአትክልት ጥሩ ነው ብላ ደጅ ላሉት አበቦች በተነችና ውኃ አጠጣች።

እኔ ከፊት ለፊት ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ፤ ጃፓንኛም ጥቂት እችላለሁ። ክርስቲያን ስለሆንኩ ቤቴ ማጠንት የለም፤ ግን እዚያው ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ሥርዓቱን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰላም ልላት ስሻገር አበቦቹን አየሁ።

«አክስቴ ፉሳኤ፣ ይህ አመድ ከየት የመጣ ነው?»

«ከሳሎን። አጸዳሁላት።»

«ሁሉንም?»

«ግማሽ ጽዳት አለ እንዴ?» አለችና ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ።

የግድ ነገርኳት። ያ አመድ የቤተሰቡ ሐረግ ነው። ታናሽ ወንድም ጎጆ ሲወጣ ከታላቁ ቤት ማጠንት አመድ ይዞ ይወጣል፤ እሱ ላይ ሲታጠን ይኖራል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዓመቱ ማብቂያ፣ ከላይ ከላይ ይቀነሳል እንጂ አይደፋም። የእትዬ ቢሃ ባል አርባ ዓመት ያጠነው በዚያ ላይ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ እሷ።

ፉሳኤ የውኃ ማጠጫ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች። «ባልነግራት ታውቃለች?» አለችኝ።

«ዓይኗ ደክሟል። ላታውቅ ትችላለች።»

ወደ ጋራዤ ተመልሼ እውነቱን የመናገር ብርታት እንዲሰጣት አምላኬን ለመንሁ።

ማታ እትዬ ቢሃ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፉሳኤ በሩ ላይ ተንበርክካ ጠበቀቻት። ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት። እትዬ ቢሃ ሳሎን ገብታ የሚያብረቀርቀውን ናስ አየች። ወጥታ የራሰውን አፈር አየች። ከዚያ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ፉሳኤ እራቷን አልበላችም። ሰው እጄ አመድ አፋሽ ነው ሲል በምሳሌ ነው፤ የእሷ ግን ጥፍሯ ሥር ገብቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ቢሃ ጥሩ ልብሷን ለብሳ፣ ቀይ ወረቀትና ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ብቅ አለች።

«ተነሺ። ጂያሊ እንሄዳለን።»

ጂያሊ የባሏ ታላቅ ወንድም ኪምሃይ የሚኖርበት ከተማ ነው፤ ዋናው ማጠንት ያለው እሱ ዘንድ ነው። ኪምሃይ የባሏን የቀብር ቀን ሳያማክራት በመወሰኑ ተቀያይመው፣ እትዬ ቢሃ አሥራ አንድ ዓመት ደጁን አልረገጠችም። ፉሳኤ ይህን የሰማችው አውቶቡስ ውስጥ ነው።

«እትዬ ቢሃ፣ በእኔ ጥፋት እዚያ ቤት ልትለምኚ መሄድሽ ነው?»

«ታዲያ በማን ጥፋት ልሂድ? ሠላሳ አራት ዓመት ድስት ስትፈትጊ ኖረሽ፣ ቤቴን ድስት አደረግሽው።» ይህን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፉሳኤ ግን እስትንፋሷ ተመለሰ፤ ካለፈው ማታ ወዲህ የመጀመሪያው ቀልድ ነበርና።

ኪምሃይ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ጆሮው የደከመ ሰው ነው። በሩን ከፍቶ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀ አያቸው።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለች እትዬ ቢሃ።

«አሥራ አንድ ዓመት ጠፍተሽ፣ አመድ ሲያልቅብሽ መጣሽ?» አለ፤ ለካ ማልዳ ደውላለት ኖሯል። «ያጸዳችው ይቺ ናት?»

ፉሳኤ እንደገና ልትንበረከክ ስትል ክንዷን ያዛት። «ተይ፣ ወለሉ ንጹሕ ነው» አለ። እትዬ ቢሃ እየተረጎመች ሳቋ አመለጣት።

ከማጠንቱ ያለ ቅድመ አያቶቹ ፈቃድ አመድ አይነሣም። ኪምሃይ በግማሽ ጨረቃ መልክ የተጠረቡትን ሁለት እንጨቶች በመዳፉ ይዞ ጠየቀና ጣላቸው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ ላይ አደረጉ።

«ቅድመ አያቶቹ እየሳቁ ነው» አለ ወደ ፉሳኤ እያመለከተ። «በአንቺ ይመስለኛል።»

ሳቅ መልስ ስላልሆነ ሁለተኛ ጣለ። ሁለቱም ተደፉ፤ እምቢታ ነው። እትዬ ቢሃ ወደ መሠዊያው ቀረብ ብላ በዝግታ «ጥፋቱ የእንግዳዋ አይደለም። እኔ ነኝ ይህን ያህል የቆየሁት» አለች። ኪምሃይ ይህን ሰማ፤ ደካማ ጆሮው እንዴት እንደሰማ አይታወቅም። እንጨቶቹን ለረጅም ጊዜ በእጁ ያዛቸው። «እኔም ብሆን ልጠይቃት ይገባኝ ነበር» አለና ጣለ። አንዱ ተደፋ፣ አንዱ ተንጋለለ። ፈቃድ ነው።

ሦስት ማንኪያ አመድ በቀይ ወረቀት ጠቀለለላቸው። እትዬ ቢሃ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛው ስትሄድ፣ ፉሳኤ ከጎኗ ሆና ጥቁሩን ጃንጥላ ዘረጋችበት፤ አመዱን ሰማይ እንዳያየው ሥርዓቱ ነው። አውቶቡስ ውስጥም ጃንጥላው አልታጠፈም። ሾፌሩ አየና ገባው።

እሑድ በተዋስኳት መኪና አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መለያያው በር ላይ ፉሳኤ እንደ አገሯ ደንብ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፤ ቀናም አላለች። እትዬ ቢሃ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«በመጪው ዓመት ስትመጪ ወጥ ቤቱን አጽጂ። ሳሎኑ የእኔ ነው።»

ፉሳኤ በአውሮፕላኑ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። የአናናሱ እርሻ፣ የዓሣ ኩሬዎቹ፣ ከዚያ ባሕሩ ብቻ። ከምሳው ጋር በትንሽ ሳህን አናናስ መጣላት፤ የቆርቆሮ ነበር። አንድም ሳታስተርፍ በላችው። አኪታ ስትደርስ ዝናብ ነበር፤ ተራራው አናት ላይ በረዶው ገና አልቀለጠም። ቤቷን ከፈተች፤ በባሏ ፎቶ ፊት ውኃ አስቀመጠች፤ ሦስት ወር የተዘጋውን መስኮት ከፈተች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውላ ነው። በሰላም መግባቷን ሰምቼ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

«ስማ፣» አለችኝ ቀጥላ፣ «ከጂያሊ ስንወጣ ኪምሃይ እትዬ ቢሃን በቅጠል የሚጠቀለለው ሩዝ በዓል ዕለት እንድትመጣ ጋብዟት ነበር። ‹እስቲ አያለሁ› ነው ያለችው። እኔ ያን ‹እስቲ አያለሁ› አልወደድኩትም። አንተ ሞተር ሳይክል አለህ። በዓሉ ዕለት ጠዋት ሳትጠራህ በሯ ላይ ቁምልኝ። ጉልበቴን አሞኛል ብትልህ አትመናት፤ ያን ደረጃ እንዴት እንደምትወጣ ሦስት ወር ሙሉ አይቻለሁ። ታደርግልኛለህ?»