ሁለት ጥቁር ዙር

አክርማውን በጣሳ ውኃ ትነክራለች። ያለቀውን ዙር በወስፌ ትበሳና አክርማውን አሾልካ በአውራ ጣቷ ታጠብቃለች። ከሰፌዱ መሃል ብዙም ሳትርቅ ሁለት ዙር በጥቁር ትሰፋለች።

አርብ ገበያ መኪና ተራ ጥግ የምትቀመጥ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የምትስብ ሴት ናት። ዋጋ ሲጠይቋት "አይሸጥም" ትላለች። ወደ ስማዳ የሚሄድ መንገደኛ ስታገኝ ግን፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ ታወራለች።

"ልጄን እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ስድር ተመካክረን ነበር። ከከፋት ሰፌድ ሰፍታ አንድ ጥቁር ዙር ታገባበታለች፤ እኔ ሁለት አድርጌ ከመለስሁላት ነይ ማለቴ ነው። ስልኩ ባሏ እጅ ነዋ። በዓመቱ ሰፌዱን እሱው ተሸክሞ አመጣልኝ። ጥቁሩን አየሁት። ልጇ ባሏን ፈትታ ገባች እንዳልባል ብዬ ጥቁሩን እንዲሸፍንልኝ ገብስ አፈሰስሁበትና 'ሙያዋን አልረሳችም' ብዬ መርቄ ሸኘሁት። ይኸው ሦስት ዓመት።"

እርስዎንም፣ በዚያ ካለፉ፣ መለመኗ አይቀርም።

"ወገዳ ከሆኑ ይችን ያድርሱልኝ። ለባሏ ቢሰጡትም ያደርስላታል። ብቻ እባክዎ፣ እህል አያፍስሱበት።"