የጉበቱ ድርሻ

ከአይከል የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ባለች አንዲት የጭልጋ መንደር ይርገዱ የምትባል የዳፍንት መድኃኒተኛ ነበረች። ዳፍንት የያዘው ሰው ቀን ደህና ያይና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግድግዳ መደገፍ ይጀምራል፤ በረቱን ከጓዳው አይለይም። እንዲህ ያለውን ወደ ይርገዱ ያመጡታል። በግ ይታረዳል፤ ጉበቱን ፍም ላይ ትጥለዋለች፤ በሽተኛውን በጋቢ ሸፍና ዓይኑን በእንፋሎቱ ታጥነዋለች። ጉበቱስ የማን ነው? የመድኃኒተኛዋ ነዋ! ከእናቷ የወረሰችው ደንብ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ደንብ ስትበላ ኖራለች፤ በስድሳ ዓመቷም በድንግዝግዝ ክር መርፌ ውስጥ ታስገባለች።

የዳነ ሁሉ «የይርገዱ እጅ» እያለ ያመሰግናል። ያልዳነውን ማን ያነሳዋል? የዳነውም ቢሆን አብዛኛው የሚድነው ክረምት ገብቶ ጎመን ሲጠገብ ነበር፤ ይህን ግን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ ብርቄ የምትባል የምግብ አስተማሪ ከጎንደር ወደ ገበሬ ማኅበሩ ተመደበች። ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰማያዊ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እሑድ እሑድ ሴቶቹን ዋርካ ሥር እየሰበሰበች «ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» ታስብላቸዋለች።

ይርገዱን ቅናት አንገበገባት። የራሷ ምራት አምሳል እንኳ ወፍጮ ላይ ተደፍታ «በሽታ ተከላካይ» እያለች ስታንጎራጉር በሰማች ጊዜ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» አለች ለጎረቤቷ። «ሃያ ዓመት የሰው ዓይን ሳበራ ማን ዋርካ ሥር አስቀመጠኝ? ይችን ከጎንደር ፒያሳ የመጣች ጉብል ግን እንደ ታቦት ያጅቧታል!»

የባሰው ከፋሲካ በኋላ መጣ። ጡት እያጠባች ሁዳዴን በሽሮ ብቻ የከረመችውን አምሳልን ዳፍንት ያዛት። ይርገዱ ሁለት ጊዜ አጠነቻት፤ ሁለት ጊዜም ጉበቱን በላች። ምራቷ ግን አልዳነችም። አንድ ምሽት ሕፃኑን እንደታቀፈች ምሰሶ ጋር ተላትማ እሳት ላይ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች።

ብርቄ ይህን ሰምታ መጣች። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ጠየቀች።

«እማማ፣ ጉበቱን የሚበላው በሽተኛው ነው አይደል?»

«የመድኃኒተኛዋ ነው እንጂ! ምነው?»

ብርቄ ወደ አምሳል ተመለከተች። «እማማ፣ የሚያድነው እንፋሎቱ አይደለም። ጉበት ውስጥ ቪታሚን ኤ የሚባል ነገር አለ፤ ዓይን በምሽት የሚያየው በእሱ ነው። ጎመንም ዱባም ውስጥ ይገኛል፤ ጉበት ግን ይበልጣል። መድኃኒቱ በእጅዎ ነው፤ እሷን ያብሏት። እሑድ ለሁሉም እነግራለሁ።»

«ውጪልኝ!» አለች ይርገዱ። «የእናቴን ሙያ ልትነጥቂኝ ነው የመጣሽው!»

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለአምሳል አዝና አደረገችው ብል እዋሻለሁ። ያችን ጉብል ውሸታም ልታሰኛት ነው። ሐሙስ በግ አሳረደች፤ ማጠኑን ትታ ጉበቱን ጠብሳ አምሳል ፊት አስቀመጠችው።

«ብይ! ቪታሚኗን እናያለን!»

አምሳል ጉበት ቀርቦላት አያውቅምና አማትባ እስከ መጨረሻው በላች።

ቅዳሜ ጀንበር ከገባች በኋላ አምሳል ልጇን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ታየች። ግድግዳ አልደገፈችም፤ ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጠች ትረግጣለች። «እማዬ፣ ደጃፉ ታየኝ! ሸጋ አርጎ ታየኝ! እጅዎን ይባርከው!» ብላ አማቷን እቅፍ አደረገቻት።

ነገ ብርቄ ዋርካው ሥር ቆማ ትናገራለች፤ አምሳልም ትመሰክራለች፤ ሰው ሁሉ ለዚያች ያጨበጭባል። ይርገዱን የቆጫት እስካሁን የበላችው ጉበት አልነበረም፤ ይህ ገና ያልተጨበጨበ ጭብጨባ ነበር።

እሑድ ብርቄ ቦርሳዋን ሳትከፍት ይርገዱ ብድግ አለች።

«ይች ሳትነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ! ጉበቱን ለበሽተኛው አብሉት። ማጠኑ ከንቱ ነው። አምሳልን ያዳንኋት አብልቼ ነው። ያወቅሁትም እኔ ነኝ!»

ሴቶቹ ወደ ብርቄ ዞሩ። ብርቄ ይርገዱን አየቻት፤ ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «እውነታቸውን ነው፤ እኔ የምጨምረው የለኝም» አለች።

ጭብጨባው ቀለጠ። ይርገዱ በዕድሜዋ እንዲህ ተጨብጭቦላት አያውቅም። ደስ አላት፤ ብርቄን በጎን አየት አድርጋ ነጠላዋን አስተካከለች።

በዚህ መሐል ከኋላ ወርቅአፈራሁ የምትባል እናት ተነሣች። የስምንት ዓመት ሴት ልጇን በእጇ ይዛለች። የልጅቷ ሁለቱም ብሌኖች ነጭ ለብሰዋል፤ ዳፍንቱ ጸንቶባት ብርሃኗ ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗል።

«አንች ይርገዱ» አለች ወርቅአፈራሁ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «የኔዋን ሦስት ጊዜ አጥነሽልኛል። ሦስት በግ አሳርጄልሻለሁ። ጉበቱን ማን በላው?»

ጭብጨባው ቆመ።

ይርገዱ ሰበብ ፈለገች። ደንቡን ልትጠራ፣ እናቷን ልትጠራ አሰበች፤ ሁለቱም አፏ ላይ አልመጡላትም።

«እኔ» አለች።

ልጅቷ ድምፁን አውቃው ፊቷን ወደ ይርገዱ መለሰች።